ጠብቆ ነው ላልቶ?

እዚህ የማሰፍረው ነገር ሁለት ምንጮች ብቻ አሉት። አንደኛው በእጄ ያለው አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ በጣም ያነሰ እምነት የምጥልበት የራሴ ትውስታ። ያኔ ከጓደኛዬ ጋር ተከራይተን የኖርንበት ቤት ከነሰፈሩ ፈርሷል። ዛሬ ጠዋት መጽሐፉን ስገልጠው የላምባ ሽታ ሸተተኝ። ሽታው ይህን ሁሉ ዘመን ሊቆይ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ሸተተኝ ማለቴን ግን አልሰርዘውም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ይመስለኛል፣ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግቢ የኋላ ክፍል ከመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም አላገባንም፤ እኔ ደግሞ በከተማው ከእርሱ ሌላ የቅርብ ሰው አልነበረኝም። ማታ ማታ የላምባ ምድጃው እየነደደ፣ ከዚህ ከአንዱ መጽሐፍ እየተቀባበልን ጮክ ብለን እናነብ ነበር። ያልገባንን እንከራከርበታለን፤ ያልተፈታውን ለነገ እናሳድረዋለን።

እርሱ ችኩል አንባቢ ነበር። አንድ ምሽት «ጌታም አለ» የሚለውን «ለ»ን አጥብቆ አነበበው። «ተናገረ» መሆኑ ቀርቶ «ይገኛል» ሆነ።

«አላላው እንጂ፣ ሰውዬ!» አልኩት።

«ምነው፣ የለም ልትል ነው?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ቀልዱ የቤታችን ሆነ። ከውጭ ሲመጣ በሩን እየቆረቆረ «ሰው አለ?» ይላል።

«ጠብቆ ነው ላልቶ?» እላለሁ ከውስጥ።

«ራት ከተሠራ ይጥበቅ!»

ሜክሲኮ አካባቢ የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ መከፈቱን የሰማው እርሱ ነው። በመጀመሪያው ምሽት አብረን ሄድን። ክፍሉ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል፤ ከጣሪያው ያለው አምፖል ጢዝ ይላል። መምህሩ የሚነቀፍ ነገር ያላየሁባቸው፣ በደንብ የተዘጋጁ ሰው ነበሩ። ስለ ፈተናና ስለ ምስክር ወረቀት ማስረዳት ሲጀምሩ ግን ልቤ ከበደኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በክፍል ውስጥ ነው፤ ያነበብኩትም ሁሉ ለፈተና ነበር። ይህን አንድ መጽሐፍ ማርክ ሳይሰጠኝ ማንበብ ፈለግሁ።

በእግራችን ተመለስን። መስቀል አደባባይ ስንደርስ ነገርኩት።

«እኔ አልቀጥልም። እንደ ድሮው ቤት እናንብብ።»

«ቤትማ አነበብን። ሁለት የማናውቅ ሰዎች ስንከራከር ማን ይዳኘናል? ጃንደረባው እንኳ አስተማሪ ሠረገላው ላይ አውጥቷል። አንተ ከእርሱ ትበልጣለህ?»

«እርሱ ሠረገላ ነበረው፤ እኔ ታክሲ ተጋፍቼ ነው የምማረው።»

አልሳቀም። ጥቂት ተራምዶ፣ «በቃ፣ አንተ አንብብ። እኔን ግን ለነገ ያሳደርነው ሁሉ እንቅልፍ ነስቶኛል» አለኝ፤ ወይም ይህን የመሰለ ነገር።

ያን ጊዜ የለየነው የአጠናን መንገዳችንን ብቻ መስሎኝ ነበር።

እርሱ ኮርሱን ቀጠለ። አምሽቶ ሲገባ እንዳይቀሰቅሰኝ በሩን ቀስ ብሎ ይከፍታል፤ «ሰው አለ?» ማለቱ በዚያው ቀረ። አንዳንድ ቀን ከትምህርቱ መልስ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ጥሩ ጥሩ መልሶች ነበሩ፤ የእኛ ጥያቄዎች መልስ ግን አልነበሩም። ክረምቱ ሲገባ ከኮርስ ጓደኞቹ ጋር ሜክሲኮ ቤት ተከራየ። ለትምህርቱ አዲስ መጽሐፍ ገዝቶ ስለነበር ይህን ለእኔ ተወልኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ለማንበብ ሞከርኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝና በልቤ ማንበብ ጀመርኩ። በልብ ሲነበብ የፊደል መጥበቅና መላላት የሚሰማው የለም። እስከ ዛሬም የማነበው እንደዚያው ነው። ባለመማሬ አልተጸጸትኩም ብል እውነቴን ነው፤ አራሚ አልናፈቀኝም ብል ግን እዋሻለሁ።

እርሱ ኮርሱን ጨርሶ ወደ ክፍለ ሀገር ለማስተማር ሄደ። ማረፉን የሰማሁት ከቀብሩ ብዙ ቆይቶ፣ ከአንድ የቀድሞ ባልደረባችን ነው።

ዛሬ ጠዋት በገለጥኩት ገጽ ላይ «ጌታም አለ» የሚል አገኘሁ። ከ«ለ» ራስ ላይ በእርሳስ የተደረጉ ሁለት ደቃቅ ነጥቦች አሉ፤ ፊደሉ ጠብቆ ይነበብ የሚል ምልክት ነው። ለመሄድ ዕቃውን ሲሸክፍ እርሱ አድርጓቸው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት፣ በአንዱ ምሽት፣ እኔው አድርጌያቸውም ሊሆን ይችላል። መነጽሬን ጠርጌ ደጋግሜ አየኋቸው። ነጥብ የእጅ ጽሑፍ የለውም፤ የማን እንደሆኑ አላረጋገጥኩም።