የእናቴ ጉልበትና ባዶው መርፌ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት አጠገብ በነበረች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ደም እቆጥር ነበር። ከበሽተኛ ጣት ጠብታ ደም እወስድና በማይክሮስኮፕ አይቼ ነጩ የደም ሴል ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። ሥራው ረጋ ያለ ሰው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነኝ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ለአራተኛ ካልደገምኩ አላምንም፤ ስቆጥርም እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አያርፍም።

ሐኪሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ከአማርኛ የሚያውቀው "እንዴት ነዎት?" ማለትን ብቻ ነው። ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ የተማረው ጥበብ ነበረው፤ የቀጠነ መርፌ ሰውነት ላይ እየተከለ ሕመም ያስታግሳል። ይህ ነገር እውነት ሕመም ይቀንሳል ወይ? ሰውነት በሽታ የሚከላከልበትን ኃይልስ ያጠነክራል ወይ? ይህን ሊመረምር ቆርጦ ተነሣ። በሽተኞቹን ለሁለት ከፈላቸው። ለግማሾቹ መርፌውን ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ለግማሾቹ ሆን ብሎ ከቦታው ፈቀቅ አድርጎ ይተክላል። በየሳምንቱ እኔ ደማቸውን እቆጥራለሁ፣ ለሐኪሙ እየተረጎምኩም ስለ ሕመማቸው እጠይቃለሁ። ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥን አለ፤ ብሷል፣ እንዳለ ነው፣ ተሽሏል።

የሰፈሩ ሰው ዋግምት የታገመ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ስለሆነ መወጋት አላስደነገጠውም። የገረመው መርፌው ውስጥ መድኃኒት አለመኖሩ ነው። "ባዶ መርፌ" አሉት። አንድ ሽማግሌማ "መድኃኒቱ አልቆበት ይሆናል፤ እስኪመጣለት እጁ እንዳይፈታ ነው" ብለው አስቀውኛል። ቢሆንም መጡ።

እናቴም መጣች። ሾላ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ትሸጥ ነበር፤ ከጥምቀት ወዲህ ግራ ጉልበቷ ያብጣል። ያመጣኋት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ "ሕመሙ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ተመስገን። በጣም ተሽሎኛል፤ እጁን ይባርከው።"

"ተሽሏል" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ቤት ግን ሌላ ነው። ከዱካ ስትነሣ እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ ነው የምታስቀምጠው። ቁልቁለቱን በጎኗ ትወርዳለች። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፋ ትቆማለች። ከዚያ በፊት በሁዳዴ ሳትሰግድ ስትቀር አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ አላስቻለኝም።

"ለምን ዋሸሽው?"

"ምኑን ዋሸሁት? የሰው ልጅ አገሩን ጥሎ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ የኔን እግር ይዞ ሲለፋ አልተሻለኝም ልበለው? ነውር አይደለም?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትዪው አንቺ አይደለሽም?"

"እሱ ለሌላ ሰው ነው" አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በማግሥቱ ቅጾቹን አገላበጥኩ። በትክክለኛው ቦታ የተወጉትም፣ ከቦታው ውጪ የተወጉትም ሁሉም "ተሽሏል"። ሐኪሙ በዚህ ግራ ተጋብቶ ሰንብቷል፤ ምክንያቱን የሚፈልገው ከመርፌው ነው። ምክንያቱ ግን እኛው ነበርን። ለደከመልን ሰው "ድካምህ ከንቱ ቀረ" ማለት አንችልበትም። ይህን ልንገረው? ብነግረው የስንት ወር ልፋቱን አፈርሳለሁ፣ እናቴንም ውሸታም አሰኛለሁ። ቀን እየቆጠርኩ ዝም አልኩ። ዳገቱን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እህል አይበላልኝም፣ ያገኘሁትን ሰው እቆጣለሁ። በራሴ ተናድጄ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

የእናቴ ነጭ የደም ሴል በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። አራት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ያው ነው። ሐኪሙ ሲያይ ፊቱ በራ።

"ሰውነቷ ወታደር እያስነሣ ነው" አለኝ። "ሕመሟ ባይቀንስ ኖሮ ጉልበቷ መግል ይዟል ብዬ እፈራ ነበር። ግን እየተሻላት ነው።" ይህን ሲል በጣቱ ይነካ የነበረው የእኔን ምልክት ነው።

ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ሾላ ድረስ ወረድኩ። እናቴ በርበሬዋ ፊት ተቀምጣ ስታየኝ "ማን ሞተ?" አለች። "ተነሺ" አልኳት። በርበሬውን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥተን፣ ክንዷን ይዤ፣ በየመንገዱ እያሳረፍኳት ክሊኒክ አደረስኳት።

ሐኪሙ እንደ ልማዱ "እንዴት ነዎት?" አላት።

"ተመስገን፣ በጣም..."

"እማዬ፣ አንድ ጊዜ ስገጂ" አልኳት።

"እዚህ? ምን ነካሽ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ። ከቻልሽ ሁለተኛ አልናገርሽም።"

ተቆጥታ አየችኝ። አማተበች፣ ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ ሊታጠፍ ሲል የአልጋውን ብረት ጨብጣ ቀረች። ድምፅ አላወጣችም። ከግንባሯ ላይ ላብ ሲወርድ ሐኪሙ አየ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ የሁዳዴውን፣ የአጥሩን፣ ነውር ነው ያለችውን። "ሌሎቹስ?" አለኝ። "ሌሎቹም" አልኩት። ቅጾቹን አንድ ጊዜ ተመለከተና ገፋ አድርጓቸው ወደ ጉልበቷ ዞረ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ወስዶ ጉልበቷን አስቀደደላት። ብዙ መግል ወጣ። ጥቂት ቀን ቢቆይ እግሯ ይቆረጥ እንደነበር ነግረውኛል። እግሯ ተረፈ፤ ጉልበቷ ግን ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ቆማ ነው የጸለየችው። ያን ምልክት ያደረግሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ቆማ ባየኋት ቁጥር ዓይኔን እሰብር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ሊጠይቃት ሲመጣ ከራስጌዋ ቆሜ ነበር። "እንዴት ነዎት?" አለ።

"ተመስገን" አለች እናቴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እናቴም ዞረች። እጄን ያዘችው።

"በጣም ያመኛል" አለችኝ። "ጻፊለት።"