አምስቱ የጳጉሜን ካሴቶች

ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ቆሜ ድንች ስልጥ፣ ሬዲዮ ላይ ያለችው ወጣት አዘጋጅ አድማጮቿን አንድ ነገር ጠየቀች። ዓመቱ ሊያልቅ ነውና ዘንድሮ ከወጡት አልበሞች በጣም የወደዳችኋቸውን አምስቱን በደረጃ ጽፋችሁ ላኩልን አለች። ከአምስተኛው ጀምራችሁ ወደ አንደኛው ውጡ፣ እንዲያ ሲሆን ያጓጓል፣ ብላ ሳቀች። ሬዲዮ የምሰማው ዝቅ አድርጌ ነው። የጎረቤቴ የጋሽ መኮንን ግድግዳ ከእኔ ወጥ ቤት ጋር አንድ ስለሆነ፣ ትንሽ ከፍ ካለ በጫማቸው ይደበድቡታል። ቢሆንም እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ቢላዋውን አስቀምጬ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ከአምስተኛው ጀምሮ ወደ አንደኛው መውጣትን የተማርኩት ከአንድ ሰው ነው። ያን ሰው አንድም ቀን በአካል አላየሁትም።

ጊዜው ደርግ ነበር፤ ከድርቁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ላሊበላ እንዳስተምር ተመደብኩ። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለተማሪዎቼ ሳይሆን ለሰሌዳው ነበር የማስተምረው። አንዲት ቴፕ ነበረችኝ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእሷ ሌላ የሚያወራኝ አልነበረም። የተከራየሁት ክፍል እማማ የሺ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነው። በራቸው ላይ ሲቆሙ አሸተን ተራራ ደመናውን እንደ ተከናነበ ፊት ለፊት ይታያል። እማማ የሺ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ፈንታው። አስመራ ወታደር ነበር። የመጋዘን ጸሐፊ ሆኛለሁ ብሎ ስለጻፈላቸው፣ ጥይት የማይደርስበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ይመስላቸው ነበር።

ፈንታው ለእናቱ ደብዳቤ ሲልክ አዲስ የወጣ ካሴት ጨምሮ ይልካል። ማጫወቻ እንደሌላቸው እያወቀ ነው።

"ካሴቱን እኔ ልኬያለሁ፣ ቴፑን እግዜር ይላክልሽ ይለኝ ነበር" አሉኝ ዕቃዬን ይዤ በገባሁ ቀን፣ ቴፔን እያዩ። "ይኸው ላከልኝ።"

ደብዳቤውን የማነብላቸው እኔ፣ መልሱንም የምጽፍላቸው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን የነገሩኝን ጽፌ ስጨርስ ከታች ትንሽ ባዶ ቦታ ተረፈ። እንዴት እንደ ደፈርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ "የላክኸው ካሴት ጥሩ ነው፤ ግን ደህና ደህናዎቹ ዘፈኖች በጀርባው በኩል ናቸው" ብዬ ጨመርኩበት። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ከእናቱ ደብዳቤ ግርጌ "ለጸሐፊዋ" የሚል ነበረበት። "ከጀርባው ሦስተኛውን ማለትሽ ከሆነ ተስማምተናል። ሌላውን ከሆነ ግን ጆሮሽን ታጠቢ።" ወረቀቱን ይዤ ክፍሌ ገባሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

እንዲህ ተጀመረ። ፊት ለፊት ቢሆን ቃል የማይወጣኝ ልጅ፣ በወረቀት ላይ እከራከረው ጀመር። እሱ የአምባሰል ወዳጅ ነው፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ የለመድኩት ትልልቅ ባንድ፣ መለከትና ሳክስፎን ያለበት ነው። "ያንቺ ዘፈኖች ጫማ አድርገው ነው የሚዘፈኑት" ብሎኛል። በመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ሐሳብ ላከ። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ እኔም አንቺም ከዓመቱ ካሴቶች አምስት አምስት እንምረጥ፤ በቀን አንድ፣ ከአምስተኛው ጀምረሽ ለእማዬ አጫውቻት፤ አንደኛው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ይድረስ። እንዳለው አደረግን። ጠዋት የሱን፣ ከሰዓት በኋላ የኔን አጫወትኩላቸው። እማማ የሺ እንዝርታቸውን እያሾሩ ይፈርዱ ነበር፤ አራቱን ለልጃቸው፣ አንዱን ለእኔ ፈረዱ። "እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ሆዴ" አሉኝ ስለ አንዷ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአጥሩ ወዲያ መሪጌታ ሐዲስ አሉ። ድጓ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ፈንታውንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ነበሩ። በድንጋይ አጥሩ ክፍተት ላይ የተለጠፈ አሮጌ የበርሜል ቆርቆሮ ነበር። ቴፕ በተከፈተ ቁጥር መሪጌታ በመቋሚያቸው ይመቱታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

"የሺ ሆይ፣ ተማሪዎቼ ዜማውን ትተው ትከሻቸውን ሊነቀንቁ ነው።"

"ትከሻውን የሰጣቸው እግዜር አይደለም እንዴ፣ መሪጌታ?"

"ለእኔም ጆሮ ሰጥቶኛል። ለእሱ እዘኚለት።"

"ዝቅ አድርጊላቸው ሆዴ" ይሉኛል እማማ የሺ። ዝቅ አደርገዋለሁ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ብድግ ይሉና መልሰው ከፍ ያደርጉታል። ቆርቆሮው እንደገና ይንኳኳል። ጾም ካልሆነ በቀር ይህ ሳይሆን የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በሁለተኛው ዓመትም ክረምቱ በርትቶ መንገዱ ስለተቆረጠ ወደ ቤተሰቦቼ ሳልሄድ ቀረሁ። ፍልሰታ ተፈታ። የአሸንድዬ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው እየዘፈኑ በየቤቱ ዞሩ። ከሳምንት በኋላ፣ እማማ የሺ ገበያ በሄዱበት፣ መሪጌታ ከአጥራቸው ላይ በእጃቸው ጠሩኝ። ቤታቸው ስገባ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የደረቀበት ወታደር ጥግ ላይ ተቀምጧል። መኪና ከሚደርስበት ከኮን ከተማ ተነሥቶ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የደረሰው። ፊቱ የቀረበውን በሶ አልነካውም።

"ፈንታው የለም" አሉኝ መሪጌታ።

ወታደሩ ቀና ሳይል "እኔው ራሴ ቀብሬው ነው የመጣሁ" አለ።

ስለ መጋዘኑ ጠየቅሁት። ከመጋዘኑ ወጥቶ ግንባር ከገባ አምስት ወር እንደ ሆነው፣ እናቱ እንዳትሰማ ብሎ እንደ ደበቀ ነገረኝ።

መርዶ በእኛ አገር ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ ቀን ቆርጠው፣ ሊነጋጋ ሲል ይሄዳሉ። መሪጌታ መስከረም ሁለትን ቆርጠው ነበር። "ዓመት በዓሉን እንደ ሰው ትዋልበት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ቴፑን እንዳትዘጊው። ቤቱ ዝም ካለ ወዲያው ይገባታል። እንደ ወትሮሽ ክፈቺው።"

"አልችልም የኔታ።"

"እኔስ እችላለሁ ወይ፣ ልጄ? ከዚህ በኋላ ለእሷ የምንሰጣት ይህችን ጥቂት ቀን ብቻ ነው።"

ወታደሩ ከካፖርቱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። "ለጸሐፊዋ" ይላል። የዓመቱ ዝርዝር ነበር። ጽፎት ሳይልከው ቀርቷል። አምስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ ከነምክንያቱ። አንደኛው ቦታ ላይ ግን የካሴት ስም የለም። "አንደኛው ገና አልወጣም። እዚህ ያለው ሙዚቃ ቤት ባለቤቱ ቀድሞ አሰምቶኛል፤ ለእንቁጣጣሽ ይወጣል። በጥምቀት ፈቃድ ስወጣ እኔው ይዤው እመጣለሁ። በእሱ ላይ ፊት ለፊት ነው የምንከራከረው፤ እንዳታፍሪ።"

ጳጉሜን አንድ ጠዋት አምስተኛውን አስገባሁ። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ ስለነበር ምድጃው አጠገብ አሙቄው ነበር። ባለ ክራሩ ካሴት ነበር፤ ፈንታው "ዘፋኙ ሊያባብለን ይሞክራል፣ ክራሩ ግን እውነቱን ይናገራል" ብሎ ጽፎበታል። እማማ የሺ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ነበር።

"ዝርዝሩ ደረሰ እንዴ?"

"ደርሷል።"

"ማን አመጣው?"

"ከኮን የመጣ ሰው።"

"ለእኔ ምንም አላለ?"

"በጥምቀት እመጣለሁ ብሏል።"

አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም። ጠንቃቃ ስለ ነበርኩ፣ እውነት የሆኑትን እየመረጥኩ ነው ያታለልኳቸው። ይህን ማሰብ አሁንም ያሳፍረኛል።

"መሪጌታ ምነው ዛሬ ጠፉ?" አሉ ሲስቁ። "ጆሯቸው በቃኝ አለ እንዴ?"

"ጸሎት ይዘው ይሆናል" አልኩ። ቆርቆሮው አለመንኳኳቱን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ልቤ ያለው ፊቴ ላይ ነበር፤ እንዳያስታውቅብኝ።

የሁለተኛውን ቀን ካሴት አጫወትኩት እንጂ አልሰማሁትም። ሦስተኛው ቀን ሩፋኤል ነው። ከረፋዱ ላይ ዝናቡ መጣ፤ በዚያ ቀን የሚወርደው ውሃ የተባረከ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ደጅ ይወጣል። እማማ የሺ ገንቦና ድስት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ደርድረው ሲያበቁ "ከፍ አድርጊው" አሉኝ። ከፍ አደረግሁት። "ጨምሪ።" ጨመርኩ። ድምፁ ዝናቡን አልፎ መንገድ ድረስ የሚሰማ ሆነ። እማማ የሺ ወደ አጥሩ ሄደው በቆርቆሮው በኩል ተጣሩ።

"መሪጌታ፣ አልረበሽንዎትም?"

ከወዲያ በኩል የመሪጌታ ድምፅ፣ ሰምቼው የማላውቅ ለስላሳ ድምፅ፣ "ይሁን የሺ። ይዘፈን። ምን አለበት" አለ።

እማማ የሺ እዚያው ቆሙ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቀኑና ዝናቡን ተቀበሉት። ብዙ ቆዩ። ሲገቡ ፊታቸው እስከ አንገታቸው ርሷል። የሩፋኤልን ውሃ ስለተጠመቁ ደስ ብሏቸዋል ብዬ አሰብኩ። ፎጣ አቀበልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ሁለተኛው ካሴት ነበር፤ የሱ አምባሰል። እማማ የሺ እንዝርቱን አልያዙም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙት። ሲያልቅ "መልሺው" አሉኝ። መለስኩት። ድንጋዩ እየደከመ ዘፋኙ እየተጎተተ ሲሄድ እንኳን አላስቆሙኝም።

አምስተኛው ቀን ላይ የምከፍተው አልነበረኝም። ዝም ካልኩ ቤቱ ዝም ይላል። ስለዚህ የራሴን አንደኛ፣ ባለ ሳክስፎኑን፣ አስገባሁ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"የሱስ አንደኛ?"

"ገና አልወጣም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ ብሏል።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "እንግዲያው ያንቺን እንስማ" አሉና ወደ እኔ ቀርበው ተቀመጡ።

እንቁጣጣሽን እንደ ወትሮው ዋሉ። አደይ ይዘው የመጡትን ልጆች ዳቦ ሰጡ፤ ለጎረቤቱም ጠላ ቀዱ። ለመሪጌታ ሲቀዱላቸው እማማ የሺ ጠብታ አላፈሰሱም፤ ጠላው የፈሰሰው ከመሪጌታ እጅ ነው።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የሽማግሌዎቹን ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። መሪጌታ ከፊት ነበሩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ የሺ ጥቁር ለብሰው፣ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ ገልብጠው፣ መደቡን ትተው ባዶ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

"ግቡ" አሉ። "ከሩፋኤል ጀምሬ እየጠበቅኋችሁ ነው።"

የዚያን ጊዜ ነው የጮኹት። አራት ቀን ሙሉ ይዘውት የነበረውን ጩኸት።

የፈንታው አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ያ የባንድ ካሴት ክሩ ተዘልዝሎ በእስክሪብቶ ስጠቀልል፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በዚያ ቤት ቴፕ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም፤ ካሴቶቹን የምጠቀልለው እጄን ሥራ ለማስያዝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

"አንቺስ በደንብ ይዘሽው ነበር" አሉኝ። "የጣሉት መሪጌታ ናቸው። እኔን ካወቁ ጀምሮ ተቆጥተውኝ እንጂ አዝነውልኝ አያውቁም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?"

"ካለቀስኩ ቴፑ ይዘጋል። የሱ ሁለት ካሴት ቀርቶ ነበር። እሱ የመረጠውን ሳልሰማ ልቅሶ ልቀመጥ?" ካሴቱን ከእጄ ወስደው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት። "ሁለት ያልኩት፣ አንደኛው ያለ መስሎኝ ነው።"

በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። እማማ የሺ ካሴቶቹን ሁሉ ሰጡኝ፤ ዝርዝሩን ግን ወሰዱት። ማንበብ ባይችሉም የት ላይ ክፍት እንደ ሆነ ያውቁ ነበር።

በዚያ እንቁጣጣሽ ስንት ካሴት እንደ ወጣ አላውቅም። ያገኘሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። አምባሰል ያለበትን ስሰማ ይሄ ይሆን እላለሁ፤ ደግሞ ሌላውን ስሰማ፣ ሊያሾፍብኝ ፈልጎ ጫማ ያደረገውን መርጦ ይሆናል እላለሁ። ካሴት ቀርቶ ሲዲ መጣ፤ ሲዲውም ቀርቶ ዘፈን በስልክ ሆነ። በየዘመን መለወጫው አዲስ የሚወጣውን አንድም ሳላስቀር እሰማለሁ። ልጆቼ ሙዚቃ ወዳድ ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ግን የምሰማው የሱን አንደኛ እየፈለግሁም ነው።

ለሬዲዮዋ ልጅ ጻፍኩላት። አምስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ። አንደኛው ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ከዚያ "ገና አልወጣም" ብዬ ላክሁት። የተሳሳትኩ ይመስላት ይሆናል።

ከዚያ ከድሮዎቹ አምባሰል አንዱን ከፈትኩ። ድንቹን ልጬ እስክጨርስ ሳላስበው ከፍ አድርጌው ኖሯል። የጋሽ መኮንን ጫማ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታው፤ ሲነጫነጩም ሰማኋቸው።

ቶሎ ብዬ ዝቅ አደረግሁት። ከተቆጡኝ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው፤ እስከ አሁን ማንም አልሞተብኝም።