የእትዬ ሞክ ፊርማ

እትዬ ሞክ እንደ ፊርማቸው የሚኮሩበት ነገር የለም። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የላካቸው ስላልነበረ፣ ፀጉራቸው እስኪሸብት ድረስ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር፤ ያም ያሳፍራቸው ነበር። ኋላ የማታ ትምህርት ገብተው ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ከዚያ ወዲያ እዚህ ካውሉን ባለው ሕንጻችን ምስክር የፈለገ ሁሉ የእሳቸውን በር ያንኳኳል። ካላንኳኳም ራሳቸው ይመጣሉ። የሰው ዕቃ ሲመጣ እንኳ ተሽቀዳድመው ይፈርማሉ፤ እኔ ጥበቃው ተቆጥቼ ተቆጥቼ ትቼዋለሁ።

ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ሽማግሌው ጋሽ ፑን ኑዛዜ ሲጽፉ ለምስክርነት የጠሩት እሳቸውንና እኔን ነው። ጋሽ ፑን ጽሑፉን በመዳፋቸው ሸፍነው፣

"ምስክር የሚያየው ፊርማዬን እንጂ ሆዴን አይደለም" አሉን።

እትዬ ሞክ እየተጠበቡ ፈረሙ። እሳቸው እስኪጨርሱ የእኔ ሻይ ቀዘቀዘ።

በክረምቱ ጋሽ ፑን ሞቱ። ዘመድ የሚባል ያላቸው የወንድማቸው ልጅ ካይሚንግ ብቻ ነው፤ ኑዛዜ አስፈጻሚም ዋና ወራሽም እሱ ሆነ። ኑዛዜው ሲከፈት ግን ለእትዬ ሞክም አንድ ነገር ተገኘ፦ ጋሽ ፑን ያሳድጉት የነበረው ተናጋሪ ጥቁር ወፍ። ይህ ወፍ የጋሽ ፑንን ድምፅ አንድም ሳይቀር ወርሷል። ጠዋት ጠዋት፣ ልክ እንደ እሳቸው፣ "ሞክ! በላሽ?" ይላል። እንደ እሳቸውም ያስላል። በቀብሩ ማግስት ከባዶው ቤት ሲያስል ሰምቼ ደረጃውን የወረድኩት በአራት እግሬ ነው።

እትዬ ሞክ ወፉን ሊወስዱ ሲነሱ ካይሚንግ ከለከላቸው።

"ፍርድ ቤት ኑዛዜውን አጽድቆ ወረቀት እስኪሰጠኝ ድረስ ከዚህ ቤት ማንኪያ አይወጣም፣ እትዬ።"

"ወፉስ?"

"ወፉም ንብረት ነው።"

"ንብረት ፌንጣ ይበላል እንዴ?"

"መመገብ ይቻላል። መውሰድ ነው የማይቻለው።"

ስለዚህ ቁልፍ ተቀብለው በየጠዋቱ እየገቡ ለወፉ ፌንጣውን ይሰጣሉ፣ የራሳቸውንም የሩዝ ገንፎ አጠገቡ ተቀምጠው ይበላሉ። ብቻቸውን መብላት አይወዱም።

አንድ ቀን የኑዛዜውን ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ አስጠራቻቸውና አብሬያቸው ሄድኩ።

"ማዘር፣ በኑዛዜ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው በዚያው ኑዛዜ የተተወለትን መውሰድ አይችልም። ኑዛዜው ይጸናል፤ የእርስዎ ስጦታ ብቻ ይቀራል።"

"የቷን ፊርማ ነው የምትይው?"

አሳየቻቸው።

"አቤት ስታምር!" አሉ። የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። "ልሰርዛት?"

"አይቻልም ማዘር።"

እናም ወፉ ለካይሚንግ ሆነ። እሱ ደግሞ ለአለቃው፣ ለሚሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ ቃል ገብቶለት ኖሯል። ወፉ በር ላይ ተሰቅሎ "እንኳን ደህና መጡ" እንዲል ያስተምሩታል አሉ። እውነቱን ልናገር፣ በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም።

የፍርድ ቤቱ ወረቀት እንደወጣ ወፉን ሊወስድ መጣ። እትዬ ሞክ በራቸውን ዘግተው ቀሩ። ካይሚንግ የወፉን የቀርከሃ ቤት አንጠልጥሎ በራቸው አጠገብ ሲያልፍ ወፉ ጮኸ፦

"ሞክ! በላሽ?"

ከዚያ ከበሩ ኋላ፣ በለቅሶ ድምፅ፣

"አልበላሁም ጋሽ ፑን። እርስዎስ?"

ካይሚንግ ባለበት ቆመ። "እኔን እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም" አለ።

"መጥተህ ቢሆን ይጠይቅህ ነበር" አልኩት።

ለጠበቃዋ ደወለ፤ ከእኔ ወረቀት ተቀብሎ ጥቂት መስመር ጻፈ፤ ከዚያ ወፉን ከበራቸው ፊት አስቀመጠና አንኳኳ። "የእርስዎ ነው እትዬ። ብቻ ጠበቃዋ የተረከቡበት ወረቀት ይኑር ብላለች፤ ይፈርሙልኝ።"

እትዬ ሞክ በሩን ከፍተው እስክሪብቶውን ሲያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ፣ የማኅተም ቀለምህን አምጣልኝ።"

"ፊርማዎስ?"

"እሷ ቀናተኛ ናት፤ ምንም አታስወርሰኝም።"

ያንን ዕድሜ ልክ ያፈሩበትን አውራ ጣት ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉት። ወፉን ይዘው ገቡና በሩን ዘጉ። ወዲያው ከውስጥ ሳል ተሰማ።

"ቀስ ይበሉ ጋሽ ፑን" ሲሉ ሰማኋቸው፣ "ውሃ ላምጣልዎ።"