አዴልሞ ያልዳሰሰው ጎን

አዴልሞ ዛምቦኒ ከቦሎኛ ወጣ ብሎ በነበረው የሞተር ሳይክል ፋብሪካችን ውስጥ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበር። ንድፍ አያይም፣ ሜትር አይዝም። ዓይኑን ይጨፍንና ቆርቆሮውን በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ እዚህ ጋ አብጧል ካለ አብጧል ነው። እኔ ዲርቼ ደግሞ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። እሱ የሠራውን ሰልባትዮ፣ የነዳጁን ማጠራቀሚያ ማለቴ ነው፣ ስቱኮ እቀባውና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቀይ አለብሰዋለሁ። አባቴም ቀጥቃጭ ስለነበር መዶሻ አያያዝ አላጣሁትም። ግን በዚያ ዘመን መዶሻ የወንድ ነው ይባል ስለነበር እውቀቴን ደብቄ ነው የኖርኩት።

በቀጥቃጮቹ ዘንድ አንድ ሕግ ነበረች፤ አንዱ የቀጠቀጠውን ሌላው አይነካም። የትም አልተጻፈችም፣ ሁሉም ግን ያውቃታል። አንድ ሰው የጎረቤቱን የጭቃ መከለያ በሁለት ምት አቃናሁልህ ቢል፣ ሥራ እስኪለቅ ድረስ አብሮት የበላ አልነበረም። የሰው ሚስት ቢነካ ይሻለው ነበር። ይህችን ሕግ አጥብቆ የሚጠብቃት ደግሞ አዴልሞ ነው።

አዴልሞ ሌያርኮ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። አዲስ ሞተር ሲሠራ መጀመሪያ የሚነዳው እሱ ነው። አዴልሞ ዝምተኛ ሲሆን እሱ ዘፋኝ፣ ቀልደኛ፣ ካርታ ሲጫወት እንደሚያጭበረብር እያወቅን የምንሸነፍለት ሰው ነበር። አንድ ዓመት በጸደይ ወድቆ የግራ ጉልበቱ ተሰበረና ሲድን አልታጠፍ አለ። እንደ ክፉ በቅሎ ወደ ውጭ ገፍቶ ቀረ። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው የሚሠራው ከሁሉ የሚፈጥነውን ሞተር ነበር። ዋናው መሐንዲስ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ከነፋሱ ካልተከለለ ሌላ ነጂ እፈልጋለሁ አለ። ሌያርኮ ደግሞ ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

አንድ ሐሙስ የመጀመሪያው ሞተር ሰልባትዮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ስዳብሰው እጄ ቆመ። ጉልበት የሚያርፍበት የግራው ስርጉድ ከቀኙ በጣት ጥፍር ያህል ይጠልቃል። አዴልሞ እጁ አይስትም፤ ለወንድሙ ጉልበት ጎጆ ሠርቶለት ነው። መሐንዲሱ መለኪያውን ሲያስቀምጥበት ሁለቱም ወንድማማቾች እንደሚባረሩ ወለል ብሎ ታየኝ።

የምሳ ፊሽካ ተነፋ። ሰው ሁሉ በብስክሌቱ ቶርቴሊኒውን ሊበላ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ የቀለም ክፍሉን በር ዘጋሁ፣ የአባቴን መዶሻ ከሣጥኔ አወጣሁ፣ ቀኙንም እንደ ግራው አጠለቅኩት። በአንድ ሰዓት እረፍት ሠርቼ፣ በላዩ ስቱኮ ደፈደፍኩበትና ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል የሚባለው።

መሐንዲሱ ሰልባትዮውን ሲያየው ትንፋሹ ጠፋ። ወገቡን እንዲህ ያቀጠነው ማነው ብሎ ጠየቀ፤ አዴልሞ የተያዘ መስሎት፣ እንኳን ሊዳስሰው ቀናም ሳይል መሬት መሬት አየ፤ ሰውየውም ትንሽ ቆይቶ ሐሳቡ የራሱ መሆኑን አመነ። ኋላማ መጽሐፍ ተጻፈበት። አንዱ ቫዮሊን ነው አለ፣ አንዱ የሴት ወገብ ነው አለ፣ አንዱ የአድሪያቲክ ማዕበል ነው ብሎ አረፈው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ያወጣው ፈጣን ሞተር ሁሉ ያችኑ ወገብ ይዞ ነው የተወለደው። እኔ መጽሐፉን ባገኘሁት ቁጥር፣ የሌያርኮ ጉልበት ነው እናንተ፣ እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

ያን ዓመት በጥቅምት ግን አልሳቅኩም። ሌያርኮ ሞተሩን ሊፈትን ወደ ራቲኮዛ ተራራ መውጣት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ኩርባ ላይ ቀረ። ፖሊሶቹ መንገዱን የሸፈነው እርጥብ የካስታኛ ዛፍ ቅጠል ነው ያንሸራተተው አሉ። እሱ ገደል ሲገባ ሞተሩ የቅጠል ክምር ውስጥ ተወሽቆ አንድ ጭረት ብቻ ይዞ ወጣ። ከቀብር በኋላ አዴልሞ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። የጣሪያ አሸንዳ እየሠራ ኖረ። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።

አርባ አምስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ጥቅምት ፋብሪካው ያንን የመጀመሪያ ሞተር ከመጋዘን አውጥቶ ለሰው ሊያሳይ ነው ተባለና ተጠራን። አዴልሞ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ አይመጣም ብዬ ስጨርስ ራሱ ደውሎ ውሰጂኝ አለኝ። በትንሿ መኪናዬ ይዤው ስሄድ ቀይ መብራት ላይ ቆምን።

"ዛሬ ልናገር ነው" አለኝ። "ሌያርኮን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፋ መኪናውን ዳር አስያዝኩ። እሱ ፊት ለፊቱን እያየ ነገረኝ። ግራውን ብቻ ማጥለቁን፣ ወንድሙ ጠማማ ሰልባትዮ ላይ ተጣሞ መቀመጡን፣ ኩርባው ላይ ሞተሩ የጣለው በዚያ ምክንያት መሆኑን። "ቅጠል ነው የተባለው ለእኔ ታዝኖ ነው" አለ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ! አዳራሹ እስክንደርስ ያችን ቃል ስፈልጋት ነበር፤ አላገኘኋትም።

ማሌርባ የምትባል ወጣት መሐንዲስ በክብር ተቀበለችን። አዴልሞ ሰላምታዋን እንኳ አልመለሰም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ ሄደ። ዓይኑን ጨፈነ። ግራውን ዳሰሰ። ቀኙን ዳሰሰ። ቆመ። እንደገና ግራውን፣ እንደገና ቀኙን።

"ይሄ የኔ አይደለም" አለ።

"የእርስዎ ነው እንጂ፣ ሲኞር አዴልሞ" አለች ልጅቷ። "በጨረር ለክተነዋል። ሁለቱ ጎን በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይለያይም። ምን ዓይነት እጅ ነው ያለዎት?"

የተመታ ሰው ይመስል ወደ እሷ ዞረ። ያኔ ነው ቃሏ የወጣችልኝ።

"አዴልሞ፣ ነክቼብሃለሁ።"

"ምኑን?"

"የቀኙን ጎን። በምሳ ሰዓት፣ በአባቴ መዶሻ።"

በጥፊ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አፍሽ የት ነበር?" አለ ቀስ ብሎ።

"የሰው ቆርቆሮ የነካ ሰው አይደለም ስትል እየሰማሁ እንዴት ልንገርህ? ደግሞ አንተ ገዳይ ነኝ ትላለህ ብዬ መች ጠረጠርኩ?"

ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። አዴልሞ ወደ ሞተሩ ተመለሰና ቀኙን በመዳፉ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ፤ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"እዚህ ጋ ቸኩለሻል።"

"ፊሽካው ሊነፋ ነበር" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ወንበር አመጡለት። ውሃ ሲሰጡት ብርጭቆውን እኔ ያዝኩለት። ንግግር አድርግ ሲሉት አላደረገም። ይቅር በለኝ ብዬም አልጠየቅኩትም፤ ደፍሬ የምጠይቅበት ፊት አልነበረኝም።

ስንመለስ ወደ ቤቱ ልታጠፍ ስል በእጁ ወደ ተራራው አሳየኝ። ኩርባው ላይ አቆምኩ። ጥቅምት ስለሆነ የካስታኛ ቅጠል አስፋልቱን ሸፍኖታል፤ ጠዋት ዘንቦበታል። አዴልሞ ወርዶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ጫማው አንሸራተተው፤ ሮጬ ክንዱን ያዝኩት። እንዳቀፍኩት መሬት መሬቱን አየ።

"ቅጠሉ ነው እንግዲህ" አለ።