ጉድጓዱ የተፈተነ ቀን

ከጅማ የመጣው መምህር በረንዳው ላይ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሟል። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰው ጓጉንቸር በእጁ ይዞ የጉድጓዱ ክዳን አጠገብ ነው። ጎረቤቴ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት፣ ሁለቱን ግቢ የሚያገናኘው በር ላይ ነበረች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ከሸቤ ወዲያ ባለችው ትንሽ ከተማችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ከእኔ ጉድጓድ ይቀዳል። ዘንድሮ ከበላያችን ያለው የቡና መፈልፈያ እጣቢው ሞልቶ መፍሰስ ጀመረና ሽታው እኛ ድረስ መጣ። ጉድጓዱ ተበክሎ ከሆነ ይታሸጋል ተባለ። ይመርመር ብዬ ስመላለስ ከረምኩ። በመጨረሻ ይህ መምህር ኮሌጅ ውስጥ የሠራውን መሣሪያ ይዞ መጣ።

መሣሪያው ስስ ወረቀት የሚመስል ወንፊት ነው። ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም፤ ሁሉም ዘይት ሞልቶባቸዋል።

"ዘይቱ በር ነው እማማ" አለኝ። "ውሃውን ከላይ አፈሳለሁ፣ ከታች አየር እገፋለሁ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ በሩ የሚከፈተው ይህ መርፌ ቀዩ መስመር ሲደርስ ነው። እጣቢ ካለበት ግን በሩ ይላላል። መርፌው ሳይደርስ አረፋ ይወጣል።"

ውሃው በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ ይጠብቀኝ ብሎ ነበር። ያንን ሥራ ጎረቤቴ ለእኔ ይተዉት ብላ ወስዳው ነበርና አሁን የሚያብረቀርቅ ጠርሙስ አቀበለችው።

"ልጄ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ሲቀመጥ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም" አለች።

"እሱማ መቼ አለፈ?" አለ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰው።

"አላለፈም። አሁን ባጃጅ ይነዳል። አንተንም ስንቴ በነፃ አድርሶሃል።"

ሰውየው ሳቀ። መምህሩ ውሃውን አፍስሶ አየር መግፋት ጀመረ። መርፌው ገና ንቅንቅ ሲል አረፋው ተንጣጣ።

የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰው ጎንበስ ብሎ ጓጉንቸሩን ክዳኑ ላይ አስገባ። መምህሩ ግን ጠርሙሱን አሸተተ፤ የጠርሙሱን አፍ በጣቱ አሽቶ ወደ ጎረቤቴ ዞረ።

"እትዬ፣ በምን አጠቡት?"

"በሳሙና ነዋ። ወላሂ፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ዕቃ ሳይታጠብ ይሰጣል? በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ ነው ያሳደርኩት።"

"አላለቀለቁትም?"

"ትንሽ። መዓዛው እንዳይጠፋ ብዬ።"

"ሳሙናም በሩን እንደዚሁ ያላላዋል" አለ መምህሩ ወደ እኛ ዞሮ። "ያየነው እሱን ሊሆን ይችላል።"

"እንግዲያው ከጉድጓዱ በባልዲ ቀድተን እንድገመው" አልኩ።

"ወንፊቱ ዘይቱን ጥሏል እማማ። የያዝኩትም ይሄን ብቻ ነው። ዘይቱ የሚሞላው ጅማ ነው።"

"መቼ ትመለሳለህ?"

"ተማሪዎቼን ፈትኜ ስጨርስ።"

ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰው ዞርኩ። "ሰምተሃል። ሳሙና ነው።"

"ሊሆን ይችላል ነው ያለው፣ አዴ። ነው አላለም። እኔ አረፋ አይቻለሁ። ሰው ቢታመም የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

አልተሳሳተም። እኔን ያበሸቀኝም ይኸው አለመሳሳቱ ነው። ከሦስቱ አንዳቸው እንኳ አጥፍተው ቢሆን የምናገረው አላጣም ነበር። ጓጉንቸሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ውሃው ንጹሕ ይሁን ቆሻሻ ከጠዋቱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

"ማል ጎና?" አለች ጎረቤቴ ቀስ ብላ። "ምን ላድርግ እትዬ? ይስደቡኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ።"

ጎረቤቱ ሁሉ አሁን ወደ ሕዝብ ቧንቧው፣ ወደ ቦኖው መሄዱ ነው። ወረፋው ሳይረዝም ብዬ ሁለት ጀሪካን አንስቼ ወጣሁ።