ከሆዷ እስከ አስፋልቱ አንድ ጡጫ

ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ባለው የጋሽ ኦይቻ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን እንኳን መኪና ጎማም አላስነኩኝም። የሽቦ ብሩሽና ናፍጣ የሞላበት ጣሳ ሰጥተው ከአንድ የዓሣ ፒክአፕ በወረደ ባሌስትራ አጠገብ አስቀመጡኝ። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሥር ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያመላልሱ መኪኖች ባሌስትራቸው ቶሎ ይዝጋል፣ ሽታውም አይጣል ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እጄ ላይ የቀረ ቆዳ ያለ አልመሰለኝም።

አሥር ሰዓት ገደማ ጋሽ ኦይቻ መጡና እያንዳንዱን ብረት በመዶሻ መታ መታ አደረጉ። "ስሚ፣ ጤነኛው ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል" አሉኝ። አምስተኛውን ሲመቱት "ይሄ ታሟል" አልኩ። እሳቸው ምንም አልሰሙም ነበር። ስንጥቁን በጥፍራቸው ፈልገው አገኙትና ትንሽ አዩኝ። "ነገም ና" አሉ። ጋሽ ኦይቻ አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ ሲናደዱም ሲደሰቱም የኔ ሴትነት ይጠፋቸዋል። የዚያን ቀኑ የደስታ ነበር።

የኛ ሥራ ማንሳት ነበር። ሙዝ የሚጭነውም ዓሣ የሚጭነውም ወደ ኦቾሎ የሚወጣውም "ከፍ አድርጉልኝ" እያለ ይመጣል። ባሌስትራ እንጨምራለን፣ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ከአክስሉና ከባሌስትራው መሃል ወፍራም ብረት እናስገባለን፣ መኪናው ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ መኪና ዝቅ አድርጉልኝ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

በስምንተኛው ዓመት የእግር ክፍል ኃላፊያችን ሥራ ለቆ ሐዋሳ ገባ። እግር የምንለው ከመኪናው ሥር ያለውን ሁሉ ነው፤ ጎማውን፣ ሞላውን፣ ባሌስትራውን፣ ንጥሻውን የሚያበርደውን አሞርዛተር። ቦታው ለኔ ይገባኛል ብዬ አስብ ነበር። አስብ ነበር ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ቀንም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጋሽ ኦይቻ ግን "እናያለን" እያሉ ሦስት ወር አሳለፉ።

በረከት የመጣው ያኔ ነው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ከተማው ውስጥ የቀረ ልጅ ነው፤ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ገዝቶ ነጭ ቀለም አስቀብቷት ለሙሽራ ያከራያል።

"ማርቲ፣ መሬት ለመሬት እንድትሄድ ነው የምፈልገው" አለኝ። "ከሆዷ እስከ አስፋልቱ አንድ ጡጫ። እሑድ ሰርግ አለብኝ።"

"እኛ መኪና እናነሳለን እንጂ አንጥልም" አሉ ጋሽ ኦይቻ ከወዲያ።

"እኔ እሠራታለሁ" አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። አፌ ቀደመኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጀመርኩ። የኋላው ቀለለኝ። በፒክአፕ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ስለሚቀመጥ በመሃል ብረት ሲገባ መኪናው ከፍ ይላል። በበረከት መኪና ግን ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ነው፤ ያው ብረት ሲገባ መኪናዋ ወደ መሬት ትወርዳለች። ስምንት ዓመት ለማንሳት ያስገባሁትን ብረት ለማውረድ ሳስገባው ብቻዬን ሳቅሁ። ከፊት ያለው ጥምዝ ሞላ ነው። እሱን በእሳት የሚቆርጡ አሉ፤ እሳት የነካው ሞላ ግን ጉልበቱ ይሞታል። በግራይንደር፣ ውኃ እያንጠባጠብኩ ሁለት ሁለት ቀለበት ቆረጥኩለት።

ስህተቱን የሠራሁት ልክ ስወስድ ነው። እኔ የዶርዜ ልጅ ነኝ። የኛ ቤት ከቀርከሃ ይሠራል፣ ረጅም ነው፤ ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ያጥራል፣ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ሙሉ ቤቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ቤት ሲነሳ ታዲያ ውስጡ ያለው ሁሉ ይወጣል። አባቴ "ባዶ ቤት አይዋሽም፣ የቱ ጋ እንዳዘነበለ ባዶውን ታየዋለሽ" ይለኝ ነበር። እኔም መኪናዋን እንደ ቤታችን ባዶ አደረግኋት፤ ተቀያሪ ጎማዋን፣ ክሪኳን፣ የወለል ምንጣፏን ሳይቀር አወጣሁ። ከዚያ አራቱንም ማዕዘን ለካሁ። በአራቱም ልክ አንድ ጡጫ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ዓርብ በረከት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሊሞክራት ወጣ። ከጋራዡ መቶ ሜትር ሳይርቅ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ሆዷን አስቀመጠችው። ወደፊትም ወደኋላም አልል አለች። ጎማው ከላዩ የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ ይገዘግዛል፣ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ አስፋልት ላይ ተጋድማለች። የባጃጅ ሾፌሮች ከበው "ወልዳ ነው እንዴ የተኛችው?" ይሉ ነበር። አራቱም ሲወርዱ መኪናዋ ብድግ አለች። ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ ቤት ባዶውን ይነሳል፣ መኪና ግን ባዶዋን አትሄድም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ኦይቻ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው መጡ። "አንተ! የሙሽራ መኪና ነው ያበላሸኸው!" ሲሉኝ የንዴት መሆኑን አላጣሁትም።

"ጋሼ፣ ነገን ይስጡኝ" አልኳቸው።

ቆይተው ተረጋጉና አንቺ ማለት ጀመሩ። "ስሚ፣ ማርታ። እሑድ ሙሽራዋን ይዛ ሆዷ ሳይነካ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ከወጣች የእግር ክፍሉ ያንቺ ነው። ከነካች ሰኞ ወደ ሽቦ ብሩሽሽ ትመለሻለሽ።" ይህን ያሉት ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ነው።

ቅዳሜ ማልጄ ከጓሮው የብረት ክምር ውስጥ ለፊቱ የሚሆን የተጣለ ጥንድ የሚኒባስ ሞላ አወጣሁ። ሽቦው ወፍራም ስለሆነ አጥሮም ሰው ይሸከማል። ለኋላው አንድ ባሌስትራ ጨመርኩ፤ ከመጨመሬ በፊት ግን ቅስቱን ያለ እሳት፣ በመዶሻ እየደበደብኩ አሳነስኩት። አሞርዛተሮቹን በአጭር ቀየርኩ፣ የፓራፋንጎውን ከንፈር ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ ማርሚታዋን ወደ ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ኦይቻ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይግቡ።"

"የት?"

"ከኋላ። እርስዎ ሙሽራዋ ነዎት።"

ጋራዡ በሳቅ አበደ። ጋሽ ኦይቻ ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሙሽራዋንም ቬሎዋንም ይተካሉ ብዬ ነው። ፒክአፓቸውን ሊያሠሩ የመጡ ሁለት የዓሣ ነጋዴዎችን ለመንኩ፤ አንዱ ሙሽራው፣ ሌላው ሚዜው ሆነ። በረከት መሪውን ያዘ። እኔ ከሥር ተኝቼ ለካሁ። ሁሉም ወረዱ፣ ሞላውን አውጥቼ ግማሽ ቀለበት ቆረጥኩ፣ መለስኩት፣ ሁሉም ገቡ። አምስት ጊዜ እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው ላይ ጋሽ ኦይቻ "ይህቺ ሙሽራ ሳታገባ አረጀች" አሉ። በአምስተኛው፣ አራቱም እንደተቀመጡ፣ ጡጫዬ በአራቱም በኩል ሳይላላ ሳይጠብቅ ገባ።

እሑድ ጋሽ ኦይቻና እኔ በአንዱ ነጋዴ ፒክአፕ ከኋላ ተከተልን። ያ የዓርቡ ጉብታ ሲቃረብ ፒክአፑ ላይ ብድግ አልኩ። ባጃጆቹ እዚያው ናቸው፣ ሾፌሮቹ ወርደው ቆመዋል። በረከት እንዳሳየሁት በሰያፍ ገባበት፤ አንድ ጎማ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ የኋላዎቹ። መኪናዋ ወዝወዝ አለችና አለፈች። ድምፅ የለም። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ፒክአፑ ላይ ቆሜ እልል አልኩ፤ የሙሽራዋ ዘመዶች ከነሱ ወገን መስያቸው አብረውኝ እልል አሉ።

የሴቻን ዳገት ስትወጣ ነጯ መኪና አስፋልቱ ላይ የምትፈስ ነበር የምትመስለው። ልጆች ጎንበስ ብለው ከሥሯ ያያሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ግን የለም።

ሴቻ ደርሳ ስትቆም፣ ሙሽራዋ ሳትወርድ፣ ጋሽ ኦይቻ በሙሉ ልብሳቸው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ዘመድ አዝማዱ ግራ ገብቶት ያያቸዋል። እጃቸውን ጨብጠው ከመኪናዋ ሆድ ሥር አስገቡ። የሳቸው ጡጫ ከኔ ስለሚበልጥ ጀርባው ብረቱን ነካ። የጭቃ ምልክት ወይም ጭረት ፈለጉ፤ አልነበረም። ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉና "ጎበዝ ነህ!" አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ነህ" ተባልኩ፤ ቅር አላለኝም።

ሰኞ ጠዋት ስገባ የሽቦ ብሩሼ ከቦታው ተነስቷል። ጋሽ ኦይቻ የቀለም ቆርቆሮ ይዘው ግድግዳው ላይ "የእግር ክፍል ኃላፊ፦ ማርታ" ብለው እየጻፉ ነበር። ፊደሎቹ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ነበር፤ እስከ ዛሬ አላስተካከልኳቸውም።

አሁን እኔ ጋ መኪና ዝቅ ለማስደረግ ከሩቅም ይመጣሉ። መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ጡጫ እንደሚፈልጉ አይደለም፤ ማን እንደሚሳፈርባት ነው። የሚሳፈሩትን ወይም በክብደት የሚተካከላቸውን ሳይዝ የመጣን ሰው ሄደህ ይዘሃቸው ና እላለሁ። ልክ የሚወሰደው ሰዎቹ ተቀምጠው ነው።