ሰምታ ሳትጨርስ የምትፈርደው መሣሪያ

ነቢዩ ከደሴ ተመድቦ የመጣ፣ ጭሮ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር ሰው ነው። ስለ ራሱ ሲያወራ፣ የሌላው ጥፋት ከሩቅ እንደሚታየው፣ የራሱ ግን መነጽር እንደሚፈልግ ይናገራል። ይህን ያወቀው ከጭሮ ወረድ ብላ ባለችው ሚኤሶ ላይ ነው።

በድርቁ ወራት የሚኤሶ ጉድጓድ ውኃ መሳቢያ ሞተር እንዳይቃጠል አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሠራለት። ሞተሩ ላይ ተለጥፋ ንዝረቱን ታዳምጣለች፤ ድምፁ የተበላሸ ሲመስላት ታጠፋዋለች። በምረቃዋ ቀን ክራባት አስሮ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ።

ሳምንት ሳይሞላ ደህናውን ሞተር በቀን አምስት ጊዜ ታጠፋው ጀመር። ጄሪካን የደረደሩ ሴቶች ፀሐይ ላይ ቀሩ። የሞተሩ ጠባቂ ወይዘሮ ሹክሪያ ደወሉለት። በሚኒባስ ወርዶ ላፕቶፑን በገመድ ሰካና የምትሰማውን ሁሉ በቁጥር እንድትልክለት አደረገ። ግማሽ ቀን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ዋለ፤ አንዴም አልተሳሳተችም። ገመዱን ነቅሎ ጭሮ ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ሞተሩ ጠፍቷል።

ሦስት ጊዜ እንዲሁ ተመላለሰ። በመጨረሻም ፕሮግራሙ እንከን የለበትም፣ ጥፋቱ የጠባቂዋ አያያዝ ነው ብሎ ለውኃ ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈ። የኮሌጁን ማኅተምም አስመታበት።

በአራተኛው ጉዞ ወይዘሮ ሹክሪያ ስለ ደብዳቤው ሰምተው ነበር፤ ግን አልተቆጡትም። አጠገቡ ቁጭ አሉ።

"ባርሲሳ" አሉት፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። "አንተ ስታያት ትሠራለች፣ ስትሄድ ታጠፋለች። ስታያት ምን ታደርጋታለህ?"

"ምንም። ቁጥሩን ትልክልኛለች እንጂ።"

"መላኩ ጊዜ አይወስድባትም?"

ነቢዩ የጻፈላትን ፕሮግራም ከፍቶ ከላይ ጀምሮ አነበበ። ለካ ገመዱ ሲሰካ ቁጥሩን ለመላክ ለቅጽበት ትዘገያለች፤ በዚያች ቅጽበት ለመፍረድ የሚበቃት ንዝረት ተሰብስቦ ይሞላላታል። ገመዱ ሲነቀል ግን ትጣደፍና አዲሱን ድምፅ ሰምታ ሳትጨርስ ቀድማ ሰምታ ከያዘችው አሮጌ ድምፅ ጋር ቀላቅላ ትፈርዳለች። እስኪሞላ ጠብቂ የሚለውን ትእዛዝ ሳይጽፍላት ቀርቷል። ተማሪዎቹን በዚሁ ስሕተት በየዓመቱ ማርክ ይቀንስባቸዋል።

አንዲት መስመር ጨመረ። ገመዱን ነቅሎ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጠበቀ፤ ሞተሩ አልጠፋም።

ወይዘሮ ሹክሪያን ይቅርታ ጠይቆ ኮሚቴው ፊት ቆመና ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ተናገረ። ሰብሳቢው የቃል አንቀበልም፣ ይህንንም በማኅተም አምጣ አሉት። የኮሌጁ ጸሐፊ ደግሞ ማኅተሙን ከማሳረፏ በፊት ጉዳዩን ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ጠየቀችው፤ መምህራኑ ሁሉ እየሰሙ አነበበ። ደብዳቤው የኮሚቴው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት ወር ተለጥፎ ከረመ።